የልብስ ሰፊዋ ባል ፊት

በሰፈሩ ሁሉ «እርሳስ» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት የምትሠራበት ማተሚያ ቤት ባለቤት ነው። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ጆሮዋ ላይ የሰካችውን እርሳስ ረስታ ጠረጴዛውን ስታተራምስ ደጋግሞ ስላገኛት ነው። እሷም በተራዋ እሱን «ጋሼ ቶሎ» አለችው፤ ከአፉ «ቶሎ በሉ» የማይጠፋ ሰው ነበርና። ሁለቱም ስሞች ተጣብቀው ቀሩ።

ሥራዋ ሌላው ሰው በእጁ የሞነጫጨረውን ወስዶ ለኅትመት ማብቃት ነው። አንዱ የሱቁን ዓርማ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ሥሎ ያመጣል። የሕፃናት አስተማሪዋ «አንበሳ ነው» ብላ ድመት የመሰለ ነገር ይዛ ትመጣለች። እርሳስ ወረቀቱን ስካን አድርጋ ኮምፒውተር ውስጥ ታስገባዋለች፣ ስክሪኑ ላይ ታደበዝዘዋለች፣ ከዚያ በላዩ ላይ በዲጂታል ብዕር እየተከተለች አዲስ መስመር ታሰምራለች። የተንጋደደው ይቃናል፣ የተቆራረጠው ይቀጠላል፣ ድመቱም አንበሳ ሆኖ ይወጣል። ፎቶም ታሳምራለች። አንዲት ሙሽራ ከሠርጓ ፎቶ ላይ አማቷን እንድታጠፋላት ለምናት፣ እርሳስም አጥፍታላት፣ በኋላ አማትየው ራሷ መጥታ «እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ ይኼ የአበባ ማሰሮ ከየት በቀለ?» ብላ እንዳፋጠጠቻት እስካሁን ይወራል። ታላቅ እህቷ «ፊት አጣቢ» እያለች ትቀልድባታለች። እሷ ግን አትቀየምም። «ታዲያ ታጥቦ የከፋው ማን ነው?» ትላለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ይኼንን ከልቧ ታምንበት ነበር።

ሰማዩ ከማለዳው ጀምሮ ያኮረፈ ቀን ነበር። ረፋዱ ላይ አንዲት በዕድሜ ገፋ ያለች ሴት የመስታወቱን በር በትከሻዋ ገፍታ ገባች። የልክ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ መርፌ ቁልፎቿም ደረቷ ላይ እንደተሰኩ ናቸው። እጇ ውስጥ የታጠፈ ቡናማ ወረቀት አለ።

«ማስታወቂያ የምትሠሪው አንቺ ነሽ?»

«አዎ እትዬ፤ ይቀመጡ።»

«የመቀመጫ ጊዜ የለኝም። ባሌ ጠፍቷል።»

ልብስ ሰፊ ነች። ከማተሚያ ቤቱ ወረድ ብሎ ባለው መንገድ፣ እቤቷ ውስጥ ነው የምትሰፋው። ልጅ አልወለዱም፤ ባልና ሚስት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ባሏ ካለፈው ዓመት ወዲህ መርሳት ጀምሯል፤ መጀመሪያ የሰው ስም፣ ቀጥሎ መንገድ፣ አሁን አሁን ደግሞ የገዛ በሩን። ይኼን ሁሉ ቆማ፣ በአንድ ትንፋሽ ነው የነገረቻት።

«ስኳርም አለበት። የጠዋት መርፌውን ወጋሁት፤ ቁርሱን ላቀርብ ስል ደንበኛ መጣችብኝ። ጓዳ አስገብቼ ልኳን ወስጄ ብወጣ ወንበሩ ባዶ፣ በሩ ወለል ብሏል። መርፌውን ተወግቶ እህል ሳይቀምስ ነው የወጣው፤ ገባሽ? ካልበላ ይወድቃል። ሰው ደግሞ ተኝቷል ብሎ ያልፈዋል።»

«ለፖሊስ ነግረዋል?»

«ነገርኳቸው። ፎቶ አምጪ አሉኝ።»

«ታዲያ ፎቶው?»

«የድሮ ነው ያለኝ። ጉንጩ ሙሉ፣ ፀጉሩ ጥቁር፣ ሌላ ሰው። ከታመመ ወዲህ ግማሹ ሄዷል።»

«በስልክ እንኳ ያነሱት የለም?»

ሴትየዋ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ለልብስ ልክ የምትቆርጥበት ወረቀት ነው፤ በአንዱ ጠርዝ የአንድ እጅጌ ንድፍ አለበት፣ መሐሉ ላይ በወፍራም እርሳስ የተሣለ የሽማግሌ ፊት።

እርሳስ ጎንበስ ብላ አየችው። የኮቱ ኮሌታ የተሠራው እያንዳንዱ ስፌት ሳይቀር ነው፤ አጣጣፉ፣ የቁልፉ ቀዳዳ፣ ሁሉም በቦታው። ፊቱ ግን ተንጋዷል። የግራ ዓይን ቆብ ወርዷል፤ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጎትቷል፤ ጉንጩ በጡጫ የተመታ ቆርቆሮ ይመስል ገብቷል፤ አንዱ ጆሮ ከራስ ቅሉ ተገንጥሎ የቆመ ይመስላል። «ልብስ እንጂ ፊት የማታውቅ እጅ ናት፤ ደግሞም በድንጋጤ ነው የሣለችው» ብላ አሰበች እርሳስ። ክፉ ሐሳብ አልነበረም። በየቀኑ እንዲህ ያለ ወረቀት ነው የሚመጣላት።

«አይዞዎት፤ አሁኑኑ አወጣዋለሁ» አለች።

እጇ ፈጣን ነው። ፊቱን አስገባችው፣ አደበዘዘችው፣ ከላዩ ባዶ ሌየር፣ እንደ መስታወት ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ ገጽ፣ ከፍታ መስመሩን መከተል ጀመረች። ፕሮግራሙ መስመር የሚያለሰልስ ማስተካከያ አለው፤ እጅ ቢንቀጠቀጥም ስክሪኑ ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል። የዓይኑን ቆብ ከቀኙ ጋር አስተካከለችው። አፉን መለሰችው። ጆሮውን ወደ ቦታው አስጠጋችው። ጉንጩ ላይ ጥላ ስታደርግ ትንሽ ሞላ አለ። ሴትየዋ ከኋላዋ ቆማ ቀለም ትነግራታለች፤ ኮቱ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሸሚዙ ነጣ ያለ ግራጫ፣ ፀጉሩ ሙሉ ሽበት። እርሳስ የመጨረሻውን ጥላ ጨርሳ ወንበሯን ዞር አደረገችላት።

ሴትየዋ ስክሪኑን አይታ አፏን በመዳፏ ያዘች። ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«እሱ ነው» አለች። «የኔ ሰው። እሱ ነው።»

ጋሼ ቶሎ ጊዜ አላጠፋም። ከሥሩ የማተሚያ ቤቱን ስልክ ቁጥርና ስም አስገባና አተመው። የሚያውቀው የስልክ ግሩፕ ሁሉ ዘንድ በተነው፤ የታክሲ ሹፌሮች፣ የነጋዴዎች፣ የሰፈር ጥበቃ፣ የእግር ኳስ ቡድኑ ሳይቀር። አንድ ሁለት ሹፌሮች ወረቀቱን ተቀብለው እየለጠፉ ሄዱ። ውጭ ማካፋት ጀምሯል።

ስልኩ ሳይቆይ ጮኸ። አውቶቡስ መናኸሪያ ሥዕሉን የሚመስል ሰው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፣ ሲያናግሩትም በቅጡ አይመልስም። ጋሼ ቶሎ የመኪናውን ቁልፍ አንሥቶ ሴትየዋን በክንዷ ያዘና ሮጠ። የማተሚያ ቤቱን ስልክ ለእርሳስ ተወላት።

ብቻዋን ተቀመጠች። ስልኩ ይጮሃል፣ ታነሣለች። አንዱ «ወሮታ አለው?» ይላል። አንዷ «ትናንት አይቼዋለሁ» ትላለች፤ ሰውየው የጠፋው ዛሬ ነው። አንድ ልጃገረድ «አጎቴን ይመስላል፣ አጎቴ ግን እቤት ነው» ብላ ትስቃለች። እርሳስ ጥፍሯን እየበላች ሰዓቱን ታያለች። እህል ያልቀመሰ ሰው። በዚህ ብርድ።

በመጨረሻ ጋሼ ቶሎ ደወለ።

«እሱ አይደለም» አለ። ትንፋሹ ይቆራረጣል። «ጆሮው የማይሰማ መንገደኛ ነው። ግን አንቺ፣ እጅሽ ይባረክ! ሥዕሉንማ ቁርጥ ነው የሚመስለው፤ አፉ፣ ጉንጩ፣ ሁሉ ነገር። ባሏ አለመሆኑ ብቻ ነው እንጂ።»

ቀልዶ ሊያጽናናት ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ስልኩን ዘጋች። ሌላ ሰውን ቁርጥ አድርጎ የሚመስል ሥዕል ሠርታለች ማለት ነው። ቡናማውን ወረቀት አንሥታ ከስክሪኑ አጠገብ አቆመችው። አንድ በአንድ አስተያየቻቸው። የዓይኑን ቆብ ያቃናችው እሷ ናት። አፉን የመለሰችው እሷ ናት። ጉንጩን የሞላችው እሷ ናት። ኮሌታውን ብቻ ነው ያልነካችው፣ እሱ ትክክል ስለመሰላት። ታዲያ ኮሌታውን ስፌት ሳትስት የሣለች እጅ፣ ፊቱ ላይ ስትደርስ በምን ምክንያት ትስታለች?

ሴትየዋ ጫማዋ ጭቃ ለብሶ፣ ትከሻዋ ረጥቦ ተመለሰች። ወንበሩ ላይ ወደቀች። እርሳስ ወረቀቱን ይዛ ፊቷ ተንበረከከች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ አይቀየሙኝ። ይኼ አፍ። የባለቤትዎ አፍ እውነት እንዲህ ነው? ወይስ እጅዎ ስቶ ነው?»

ሴትየዋ ወረቀቱን አላየችውም።

«እጄ አልሳተም» አለች።

«ዓይኑስ?»

«እሱም።»

«ታዲያ እኔ ያቃናሁትን ሲያዩ ለምን እሱ ነው አሉኝ?»

«እሱ ነዋ!» ሴትየዋ ድንገት ጮኸች፤ በር ላይ የቆመው ጋሼ ቶሎ ደነገጠ። «እሱ ነበር! እንደዛ ነበር! ክረምት ላይ በሽታ አንድ ጎኑን መታው፣ ከዚያ ወዲህ ነው ፊቱ የወረደው። ፎቶ ለምን የለም አልሽኝ አይደል? እንዲህ ሆኖ ላነሳው ስላልፈለግኩ ነው። ይሻለው ይሆናል፣ ሲሻለው አነሳዋለሁ እያልኩ። አንቺ ስታመጪው ተሽሎት የመጣ መሰለኝ።»

ዝናቡ መስታወቱን ይደበድባል።

«አብረን እንሥራው» አለች እርሳስ። «አሁን። እዚህ ጎኔ ይቀመጡ።»

«ያንን ፊት አገር ሁሉ ሊያየው ነው?»

«ካላዩት አያገኙትም እትዬ።»

ጋሼ ቶሎ ጣልቃ ገባ። «ቆይ፣ ቆይ። ያኛው ከተማውን ሞልቶታል እኮ። አሁን ሌላ ፊት ብንለቅ ሰው ግራ ይጋባል። የቱን ይፈልግ?»

«ያኛው ላይ ስህተት ነው ብለህ ጻፍበት።»

«የሱቃችን ስም ከሥሩ አለበት!»

«እንግዲያው ስማችንም አብሮ ይሳሳት!» አለች እርሳስ። ስድስት ዓመት ስትሠራ እንዲህ ተናግራው አታውቅም። ጋሼ ቶሎ አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ ከዚያ ወንበር ጎትቶ ለሴትየዋ አቀረበላት።

እርሳስ የሚያለሰልሰውን ማስተካከያ አጠፋችው። አዲስ ሌየር ከፈተች። አሁን የእጇ መንቀጥቀጥ ሁሉ ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ግድ አልሰጣትም። የእርሳሱን መስመር እግር በእግር ተከተለችው። የሚገርመው ግን እጇ እምቢ ይላት ነበር። የዓይኑ ቆብ ጋ ስትደርስ ሳታስበው ወደ ላይ ታነሣዋለች።

«ዝቅ አድርጊው» ትላለች ሴትየዋ። «ገና ነው። አዎ፣ እዚያ።»

አፉ ጋ ሲደርሱ ወረቀቱ በቂ አልሆነም፤ እርሳሱ ተፈግፍጎ ደብዝዟል። ሴትየዋ ዓይኗን ጨፍና ጣቶቿን በገዛ ጉንጯ ላይ አስኬደች። «የምላጨው እኔ ነኝ» አለች። «ምላጩ እዚህ ጋ ሲደርስ ቆዳውን በአውራ ጣቴ ካልወጠርኩት ይቆርጠዋል። እዚህ ጉድጓድ አለ። ከከንፈሩ ጫፍ ወደ ታች፣ እንዲህ፣ አንድ እጥፋት አለ። ምራቁ በዚያ ነው የሚወርደው።» ይኼን ሁሉ እንደ ልክ ነው የምትናገረው፤ ወገብ ይኼን ያህል፣ ትከሻ ይኼን ያህል።

እርሳስ እጥፋቱን አወጣችው። አንገቱን አሳነሰችው፤ ኮሌታው ሰፋበት። ጆሮውን ወደነበረበት መለሰችው። ከዚያ ጥላውን፣ ቀለሙን። ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ ጋሼ ቶሎ እያነሣ «አይ፣ ያኛው ሥዕል ስህተት ነው፣ ሌላ እንልካለን» ይላል፤ እያንዳንዱን ቃል እንደ ኮሶ እየዋጠ።

ሲያልቅ ሴትየዋ ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አየችው። ዕንባ አልነበራትም።

«ላኪው» አለች ብቻ።

ተላከ። ከላዩ በቀይ «የቀድሞው ሥዕል ስህተት ነው፤ ሰውየው ይኼ ነው፤ ስኳር አለበት፤ የተኛ ቢመስልም ቀስቅሱት» የሚል ተጻፈበት። የመጨረሻዋን ሐረግ የጨመረው ጋሼ ቶሎ ነው።

ከዚያ መጠበቅ ብቻ ሆነ። መጠበቁ ከሥራው ይብስ ነበር። ሴትየዋ አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር ታጠቀልላለች፣ ትፈታለች፣ ደግሞ ታጠቀልላለች። ጋሼ ቶሎ ሻይ አስመጣ፤ ቀዘቀዘ። እርሳስ ሁለተኛውም ተሳስቶ ከሆነስ እያለች ስክሪኑን ማየት ፈራች።

ስልኩ ሲጮህ ሦስቱም ዘለሉ።

አንዲት የክሊኒክ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። የምትናገረው እየሮጠች ነው የሚመስለው። «እዚህ ነው ያለው። ወረፋ የሚጠብቅ መስሎን ነው። ቀስቅሱት የሚለውን አይቼ ብነካው ራሱን አያውቅም፤ ሐኪሞቹ ወስደውታል፤ ቶሎ ኑ!»

ሲደርሱ ሽማግሌው አልጋ ላይ ተኝቶ ክንዱ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶለታል። ኮቱ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ልብስ ሰፊዋ እጁን ይዛ ግንባሯን አስነካችው እንጂ አልጮኸችም። ሐኪሟ እንዳለችው፣ ተራ የምትጠብቅ አንዲት ሴት ረፋድ ላይ ግማሽ ዳቦ አካፍላው ነበር፤ እስካሁን ያቆየው እሱ ነው። ሌላ ትንሽ ቢዘገይ ግን አይተርፍም ነበር።

እርሳስ ኮሪደሩ ላይ ቀረች። የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ተደግፋ አጠገቧ ቆመች።

«የመጀመሪያው ሥዕል ደርሶኝ ነበር» አለቻት፤ ማን እንደሆነች ሳታውቅ። «እዚህ ቆሜ ነው ያየሁት። እሱ እዚያ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ሥዕሉን አየሁ፣ እሱንም አየሁ፣ 'ፈጣሪ ይርዳቸው' ብዬ ወለሌን ወለወልኩ። አይገርምሽም?»

«ይገርማል» አለች እርሳስ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እኔ ነኝ የሠራሁት ለማለት ፈለገች፤ አልወጣላትም። የጽዳት ሠራተኛዋ ተጨንቃ ውሃ አመጣችላት።

ሽማግሌው ማምሻውን ዓይኑን ገለጠ። ሚስቱን አይቶ «ደንበኛሽ ሄደች?» አላት።

ልብስ ሰፊዋ ማግስቱን ማተሚያ ቤት መጥታ ጋሼ ቶሎን መረቀች፤ እርሳስን ግን ዝም ብላ አቀፈቻት። ከዚያ ያልጠበቁትን ጠየቀች፤ የመጀመሪያውን ሥዕል በትልቁ አትሙልኝ አለች።

«የትኛውን? የተሳሳተውን?» አለች እርሳስ። ፊቷ ቀላ።

«እሱን። ግድግዳዬ ላይ ልሰቅለው ነው።»

«እትዬ፣ እሱ ሊገድላቸው ነበር እኮ።»

«ያኛው ለአገር ነው፤ ይኼኛው ለእኔ። ምን አገባሽ?» አለች ሴትየዋ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ። «ደግሞ ከጆሮው ላይ አንድ ሁለት ፀጉር ቀንሺለት።»

እርሳስ አተመችላት። ሳትወድ ነው ያተመችው፤ ፀጉሩንም ቀነሰችለት።

ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ትንሽ ዘገምተኛ ሆኗል። ወረቀት ይዞ የመጣውን ሁሉ አስቀምጣ «ይኼ ጠማማ ሆን ተብሎ ነው ወይስ እጅ ስቶ?» ትላለች። አብዛኛው ሰው «እጅ ስቶ ነው» ይላል። አንዳንዱ ግን ቆም ብሎ ያስባል። አንድ ጫማ ሠሪ ለዓርማው የሣለው ፈረስ ሦስት እግር ብቻ ነበረው፤ አራተኛውን ልትጨምርለት ስትል «ተይው፣ አባቴ የነበራቸው ፈረስ ነው» አላት። ጋሼ ቶሎ ከኋላ ሆኖ ያጉረመርማል፤ ግን አይከለክላትም።

ልብስ ሰፊዋ በባሏ ኮቶች ሁሉ ውስጠኛ ገበር ላይ ስልክ ቁጥሯን ጠልፋለች። አንዴ ደግሞ አምልጧት፣ አንድ የታክሲ ረዳት ቁጥሩን አንብቦ አምጥቶላታል። አሁን ፎቶም ታነሣዋለች። ፊቱ ያው እንደወረደ ነው፤ አልተሻለውም፣ እንደማይሻለውም ታውቃለች።

እርሳስ ምሳ ሰዓት ላይ ሹልክ ብላ እነሱ ጋ ብቅ ትላለች። ሽማግሌው ድሮ መካኒክ ነበር። ከስፌት መኪናው አጠገብ ቁጭ ብሎ ሰው በገባ ቁጥር ደንበኛ የመጣ ይመስለዋል። እርሳስን አንድ ቀን ቀና ብሎ አያትና ፊቱን አጨፈገገ።

«አልደረሰልሽም» አላት። «ሞተሩን ገና ዛሬ ነው ያወረድኩት። ነገ ነይ።»

መኪና ቀርቶ ብስክሌት የላትም።

«እሺ ጋሼ» አለችው፤ «ነገ እመጣለሁ።»

በማግስቱም መጣች።